ፀጉሬን በበረዶ ስጠብቅ

ጡቷ ውስጥ እንደ ፍሬ የምትንከባለል ነገር በእጇ ነክታ፣ ለማንም ሳትናገር ሻሿን አጥብቃ ገበያ የወጣች ሴት ካለች ይህ ጽሑፍ ለእሷ ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ዙበይዳ እባላለሁ፤ ሮቤ ገበያ ውስጥ ጨርቅና ክር እሸጣለሁ። አሁን ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ «ትሞት ይሆን?» እያላችሁ እንዳትጨነቁ ነው። እኔ ራሴ የሰው ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የማየው መጨረሻውን ነው።

ነገሩ የጀመረው ትንሿን ልጄን ጡት ባስጣልኩ ሰሞን ነው። በግራ ጡቴ በኩል ሽምብራ የምታህል ነገር አገኘሁ። አታምም። የማያምን ነገር ደግሞ ማን ይፈራል? ጎረቤቶቼ «ወተት ቋጥሮ ነው» አሉኝ። አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አመጣችልኝ፤ ለምች መድኃኒት ይሆናል፣ ለእኔ ግን ልብሴን አረንጓዴ ከማድረግ በቀር የፈየደው የለም። ከዚያ ሮቤ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ ከልብሴ በላይ ነካ አደረገና «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ የሚዋጥ ጻፈልኝ። ጨርሼ ስመለስ ሌላ ጻፈልኝ። ሽምብራዋ ባቄላ አከለች። አንድ ሼኽ ደግሞ ቁርኣን ቀሩልኝና ሲጨርሱ «ልጄ፣ ዱዓው ይከተልሻል፤ አንቺ ግን ትልቅ ሐኪም ቤት ሂጂ» አሉኝ። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው።

ጎባ ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ አንዲት ሴት ሐኪም በመርፌ ከእብጠቱ ናሙና ወሰደችና አዲስ አበባ ላከችው። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሰው ሲስቅ እየሳቅኩ፣ ጨርቅ ስለካ ሁለቴ እየለካሁ ከረምኩ። ሲመጣ ከባሌ ከከድር ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማነው፤ ካንሰር ነው፣ ገና አልተሠራጨም፣ ግን መቆየት የለበትም። ከድር ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው። ሮቤ ውስጥ ለስላሳና ውሃ ያከፋፍላል፤ ሲናገር ቃል የሚከፈልበት ይመስል ይቆጥባል። ያን ቀን ወጣና ሁለት ለስላሳ ከፍቶ ይዞ መጣ። ሁለታችንም አልጠጣንም። ጠርሙሶቹን ይዘን ባጃጅ ተሳፈርን።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተማማልን፤ አዮ እንዳትሰማ።

አዮ የምለው እናቴን ነው። ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗን ትራኮማ ወስዶባታል፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ሰው ግን አታይም። ከእኔ በላይ የነበረችው እህቴ ሃዋ ሻሸመኔ ታማ ስትተኛ «እናቷ አትችለውም» ተብሎ ለአዮ ሳይነገር ቀረ። «ለምን አትደውልም?» ስትል «ሥራ በዝቶባት ነው» ይሏት ነበር፤ ከሚሏት መካከል እኔም ነበርኩበት። አንድ ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ነገሯት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አዮ ከሰው ድምፅ ሸሸች። ታዲያ ሁለተኛ ልጇን ደግሞ ይህ በሽታ ያዛት ብዬ እንዴት ልንገራት? በየትኛው አፌ?

አዲስ አበባ ሄጄ ጡቴን አስቆረጥኩ። ለአዮ «ዕቃ ላመጣ መርካቶ ነኝ» ተባለላት። ክንዴ አልነሳ ሲል ጥቅል ጨርቅ ወደቀብኝ አልኩ። ልብስ ለእኔ ሥራዬ ስለሆነ በግራ በኩል በጥጥ የሞላሁት ቀሚስ ሰፋሁ። አዮ ያልጠረጠረችው ይኸን ሁሉ ስለማታይ ነው። እኔ ደግሞ በልቤ ጎበዝ ነኝ እያልኩ ነበር።

ከዚያ ኬሞ መጣ። ኬሞ ማለት በደም ሥር የሚሰጥ፣ ተርፎ የተደበቀውን የካንሰር ዘር የሚያሳድድ መድኃኒት ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚያድገውን ሁሉ ስለሚመታ የፀጉርንም ሥር ይመታል። በየሦስት ሳምንቱ አዲስ አበባ እየሄድኩ እንደምወስድ ነገሩኝና ነርሷ ሲስተር ትዕግስት ለስለስ አድርጋ «ፀጉርሽ ይረግፋል» አለችኝ። ለጡቴ ያላለቀስኩት ሴትዮ ለፀጉሬ አለቀስኩ።

የከድር እህት ሙና አብራኝ ነበረች። «አንቺ ደግሞ! ነፍስሽ ተርፎ ፀጉር? ደግሞስ በሻሽ ስር ያለን ፀጉር ማን ያየዋል?» አለችኝ።

«አዮ ታየዋለች» አልኳት።

ሙና ቤታችንን ታውቃለችና መከራከሩን ተወች። ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ አዮ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ወለሉ ላይ ጉልበቷ መካከል እቀመጣለሁ፣ ፀጉሬን ፈትታ አበጥራ ለጁምዓ ትሠራኛለች። ሦስት ልጅ ወልጄም ይህ አልቀረም። ጣቶቿ ከግንባሬ ጀምረው እስከ ማጅራቴ ሲሄዱ እንቅልፍ ማጣቴን ያውቃሉ፣ ከከድር ጋር መጣላቴን ያውቃሉ፣ አንዴ እንዲያውም እኔ ሳላውቅ ማርገዜን አውቀዋል። የእሷ ዓይን እጇ ነው። ፀጉሬ ከረገፈ ምስጢሩ በመጀመሪያው ሐሙስ ያልቃል።

ይህን ለሲስተር ትዕግስት ስነግራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ውጭ አገር መድኃኒቱ ሲሰጥ የራስ ቆዳን የሚያቀዘቅዝ ቆብ እንዳለ በሥልጠና ላይ ሰምታለች። ብርዱ የራስ ቆዳን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል፤ ስለዚህ ወደ ፀጉሩ ሥር የሚደርሰው መድኃኒት ትንሽ ይሆናል። «መሣሪያው እኛ ጋ የለም። ሐኪሙን ጠይቄ ልምጣ» ብላ ሄደች። ሐኪሙ ራሱ መጣ። ሳቅ አለና «ለደም ካንሰር ቢሆን አልፈቅድም ነበር። ለአንቺ ግን ሞክሪው፤ ቃል ግን አልገባልሽም። በረዶ ቆዳሽን እንዳይነካ፣ በመሃሉ ጨርቅ ይኑር» አለኝ።

ጨርቅማ የእኔ ነው። ሮቤ ተመልሼ ከወፍራም ጥጥ፣ አገጭ ስር የሚታሰር፣ ዙሪያውን ኪስ ኪስ ያለው ቆብ ሰፋሁ፤ አንዱ ሲሞቅ ሌላው እንዲተካ ብዬ ሁለተኛ ደገምኩ። በየኪሱ ውሃ የተቋጠረበት ፌስታል ይገባል። የመጀመሪያው ሙከራ ድንጋይ ሆኖ ወጣ፤ ጭንቅላቴ ላይ ቁጭ አላለም። ከድር ውሃው ላይ ጨው ጨመረበትና እንደ ሊጥ የሚታዘዝ በረዶ ሆነ። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ስለነበር ለስላሳውን ሁሉ ከፍሪጁ አውጥቶ ለእኔ ቆብ ቦታ ለቀቀ። ደንበኞቹ «ከድር፣ ለስላሳው ሞቀ እኮ!» ሲሉት «ብርድ ነው፣ ሙቁን ጠጡ» ይላቸዋል። ይህን ያህል ሲቀልድ ያኔ ነው የሰማሁት።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ የከድር አጎት ልጅ ሥጋ ቤት አለው። ቆቦቼ እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ከምላስና ከጉበት ጋር አደሩ።

ለመጀመሪያው ኬሞ ልሄድ ስል አዮ ጠራችኝ። አዮ ዘንድ መንገደኛ ራሱን ቅቤ ሳይቀባ መንገዱ ላይ ያለችውን ደጋ ዲንሾን አያልፍም፤ የዲንሾ ብርድ በአናት ገብቶ ሰው ይጥላል ትላለች። እንደ ልማዷ ለጋ ቅቤ በመዳፏ አቅልጣ አናቴ ላይ አፈሰሰችና እያሸች ዱዓ አደረገች። «ረቢ ነገያን ሲ ሃ ገልቹ» አለችኝ፤ አምላክ በሰላም ይመልስሽ ማለት ነው። መርካቶ ለሚሄድ ሰው የማይደረግ ረጅም ዱዓ መሰለኝ፤ ግን የበደለኛ ጆሮ ሁሉን ያረዝማል ብዬ ተውኩት። አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ወጉ አንድም መስኮት አልተከፈተም። እኔ በቅቤ የራሰ ሻሼን አስሬ፣ ጭንቅላቴን ለማቀዝቀዝ አራት መቶ ኪሎ ሜትር እጓዛለሁ።

የኬሞው አዳራሽ ወንበሮቹ በሰው የተሞሉ ናቸው፤ ከተሰቀለው ጠርሙስ ጠብታ እየቆጠሩ ብዙ ሰዓት ይቀመጣሉ። ሙና ቆቡን ስታስርልኝ አዳራሹ ተነሳ። «ኧረ ይቺን ልጅ ልትገሏት ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ እጃቸው ላይ መርፌ እንደተሰካ። «የታመመ ሰው ራስ ላይ በረዶ? ወላድ የላችሁም?» ጋቢያቸውን አውልቀው ለትከሻዬ ላኩልኝ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ግንባሬ በምስማር የተመታ ያህል አመመኝ፤ ከዚያ ደነዘዘ። ሙና ቆብ ትቀይራለች፣ ከድር ወደ ሥጋ ቤቱ ይመላለሳል። መድኃኒቱ ካለቀም በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ አድርጌው ቆየሁ፤ እንደዚያ ነው የሚደረገው።

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ሻሼን ስፈታ የመሃል አናቴ ፀጉር ከሻሹ ጋር መጣ። አልተነቀለም፣ አላመመም፤ ዝም ብሎ መጣ። ዙሪያው፣ ጆሮዬ አካባቢና ማጅራቴ ግን እንዳለ ነው። ብጎትተውም እምቢ አለ። ያን ሌሊት ልጆቹ እንዳይነቁ አፌን በትራስ ይዤ አለቀስኩ። ከድር ነቅቶ ኖሮ እጄን ያዘ፤ እስኪነጋም አለቀቀውም።

ለሁለተኛው ስሄድ ሲስተር ትዕግስት አናቴን አየችው። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ዙቢ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው። እናቴ ለመንገድ ሰጠችኝ፤ አናቴን እንዳትዳስስ ራሴ ተቀባሁት።»

«ባለፈውም ተቀብተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ሳትታጠቢ ነው ቆቡን ያደረግሽው?»

«የእናቴን ቅቤ እንዴት አጥባለሁ? ዱዓ ያለበት ነው እኮ።»

መሳቅ ጀመረችና ፊቴን አይታ አቆመች። ቅቤው ከበረዶው ስር ረግቶ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ብርዱን ሳይከለክለው አልቀረም። «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ቆቡም አናትሽ ላይ ከፍ ብሎ ክፍተት ነበረው። ግን ሁለቱ ተጋግዘዋል» አለችኝ። እዚያው በለብታ ውሃና በሻምፖ አጠበችኝ። ፀጉሬን እርጥብ እንዳለ፣ ስስ ጨርቅ አልብሳ ቆቡን አሰረችው። ብርዱ ያን ቀን እስከ ጥርሴ ዘለቀ፤ «አሁን ገባኝ፣ ባለፈው የቆረጥኩት ትኬት የግማሽ ነበር» አልኳት። ከዚያ በኋላ የዙሪያው ፀጉር ብዙም አልረገፈም።

ችግሩ ያ የመዳፍ ስፋት ያለው ባዶ አናት ነው። ሐሙስ ሲመጣ «ሙና ሠርታኛለች» እላለሁ፤ በሌላው ሐሙስ «ራሴን አሞኛል»፤ በሌላው ሱቅ ውዬ አመሻለሁ። አዮ አትከራከርም። አልጋው ጫፍ ላይ ማበጠሪያዋን ይዛ ትንሽ ትቀመጥና መልሳ ታስቀምጠዋለች። በዚያ ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ ያችን ማበጠሪያ ማየት ከበደኝ።

ለሦስተኛው ዙር ልሄድ ስል ቅቤዋን ይዛ ጠበቀችኝ። «ቁጭ በይ» አለች። ድምፅዋ እንደ ልጅነቴ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ሻሼን ራሷ ፈታችው። መዳፏ አናቴ ላይ አረፈና ቆመ። ከዚያ በአንድ ጣቷ ዙሪያውን ዞረችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆረቆር ነው፣ አዮ። ቅባት ተሰጥቶኛል።»

ቅቤው ከመዳፏ ቀሚሷ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ።

«ሃዋን ሥራ በዝቶባት ነው አላችሁኝ» አለች በመጨረሻ። «አመንኳችሁ። ብንነግራት ትሞታለች አላችሁ። እኔ ሞትኩ? አልሞትኩም። ልጄ ግን ‹አዮ የት አለች?› እያለች ሞተች። እናንተ ቤት እኔ የምፈለገው ለመርዶ ብቻ ነው?»

ዞሬ ጉልበቷ ላይ ራሴን ደፋሁና ሁሉን ነገርኳት፤ ሽምብራዋን፣ ባቄላዋን፣ ቢላዋውን፣ ቀዩን የኬሞ መድኃኒት፣ በረዶውን። እጇ ከራሴ ወደ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬ ወደ ግራ ደረቴ ሄደ። ጥጡን ጫን አድርጋ ለካችው። «ኢንታላ ቲያ» አለች፤ ልጄ። አላለቀሰችም፤ ለሁለታችንም ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከድር በር ላይ ቆሞ ኖሮ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። እኔም አለሁበት» አላት።

«አንተንስ ቆይ፣ እመለስብሃለሁ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ፣ «አናትሽ ለምን ለብቻው ረገፈ? ቅቤው ነው?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። «ትንሽ አለበት።»

«ብርድ እንዳይነካሽ ብዬ ነበር።»

«ብርዱን ነበር የምፈልገው፣ አዮ።»

መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሎኝ ስደነግጥ ሳቅ ነው። ሃዋ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም።

«እንግዲህ አወቅሽ፤ በረዶውን ልተወው» አልኳት። «ለአንቺ ብዬ ነበር የምቀዘቅዘው።»

«ለእኔ መሆኑ ቀርቷል። ረቢ የተወልሽን አንቺ ለምን ትጥያለሽ? አሁን ለራስሽ ቀዝቅዢ» አለችና ከድርን ለእሷም ትኬት እንዲቆርጥ አዘዘችው።

እንደዚህ ሆኖ አዮ አዲስ አበባ ገባች። አዳራሹ ውስጥ ከወንበሬ ጀርባ ቆማ ቆቡ ከፍ የሚልበትን ቦታ በጣቶቿ ፈልጋ አገኘችው። እዚያ ላይ በሁለት መዳፏ ተጫነችው። ሲስተር ትዕግስት «እማማ፣ እጅዎ ይደነዝዛል፤ ጓንት ላምጣልዎ» ስትላት «በጓንት አይታየኝም» አለቻት። ሲደነዝዛት ብብቷ ስር አሙቃ ትመለሳለች። አንዳንዴ እዚያው ቆማ ታንጎላጃለች፤ እጇ ግን አይላላም። እስከ መጨረሻው ዙር አንድም ቀን አልቀረችም። ከጎኔ የምትታከም አንዲት የዝዋይ ልጅም እናቷ ሩቅ ነበሩና፣ የእኔን ትርፍ ቆብ አስራ «እማማ፣ የእኔንም ይያዙልኝ» ትል ነበር። አዮ አንድ እጇን ለእሷ፣ አንድ እጇን ለእኔ ታካፍላለች።

ለምትሞክሩት የማውቀውን ልንገራችሁ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁምና ከሐኪማችሁ ጋር ሳትመክሩ አትጀምሩት። ለሁሉም ካንሰር አይሆንም፣ ለሁሉም መድኃኒት አይሠራም፣ የጨው በረዶ በባዶ ቆዳ ላይ ካረፈ ያቃጥላል። ፀጉራችሁን ታጠቡ፣ ምንም ቅባት አታድርጉ። ከመድኃኒቱ በፊት አስቀድሞ መጀመር፣ ካለቀ በኋላም መቆየት አለበት። ቢረግፍባችሁም ያላደረጋችሁት ነገር አለ ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ያቺ የዝዋይ ልጅ እንደ እኔ ቀዝቅዛም ፀጉሯ አልቀረላትም፤ እሷ ግን በሕይወት አለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽምብራዋ ባቄላ እስክትሆን አትጠብቁ።

መድኃኒቱን ጨርሼ ምርመራው ሁሉ ተሠራ። ውጤት የሚነገርበት ቀን በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ከድር፣ አዮ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «የዙበይዳ አስታማሚ ማን ነው?» አለ። እንደ አገራችን ደንብ መጀመሪያ የሚጠራው አስታማሚ ነው። ከድር ከወንበሩ ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለች አዮ፣ ከእሱ ቀድማ ቆማ።

ሐኪሙ ዓይኗን አየና «እማማ፣ ከእርስዎ ጋር አንድ የሚያይ ሰው ቢገባ ይሻላል» አላት።

«ልሰማ ነው የመጣሁት፣ ልጄ። ለመስማት ጆሮ ይበቃል።»

ከድር መልሶ ተቀመጠ። አዮ በትሯን ይዛ ገባችና በሩ ተዘጋ። ብዙ የቆየች መሰለኝ፤ ምናልባትም አልቆየችም። ከውስጥ ድምፅ አልተሰማም። በሩ ሲከፈት ሐኪሙ ክንዷን ይዞ አወጣት። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ስትወጣ ተነስቼ ነበር፤ ወደ አግዳሚው ተመልሼ ልቀመጥ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ።

«መቀመጥ ለመርዶ ነው» አለችኝ። «ይሄንን ቆመሽ ስሚው።»